የጉዳት ካሳ ክስና የተከሳሽ መከላከያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ይደነግጋል። በዚህ ክፍል መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርብበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛቸው መከላከያዎች ከሰው ሲነገሩ የሰማቸው ናቸው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሕጉ ጨርሶ የማይቀበላቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ በትክክለኛው ጊዜ ካልተነሡ የሚቀሩ ናቸው።

«ጥፋት ከሌለብኝ ካሳ አልከፍልም።»

ይህ እውነት የሚሆነው ክሱ በጥፋት ላይ የተመሠረተ ሲሆን ብቻ ነው። ከሳሹ ጉዳቱ የደረሰው በቸልተኝነት ነው ካለ ቸልተኝነቱን ማስረዳት የእርሱ ግዴታ ስለሆነ፣ ተከሳሹ ጥንቃቄ እንዳልጎደለው ማሳየት ይጠቅመዋል። ሕጉ ግን ጥፋት ሳይኖርም ኃላፊ የሚያደርጋቸው ሰዎች አሉ፤ የእንስሳ፣ የሕንፃ፣ የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአንቀጽ 2086 መሠረት እንደነዚህ ያሉት ሰዎች ጥፋት እንዳልሠሩ፣ የጉዳቱ ምክንያት እንዳልታወቀ፣ ጉዳቱን ለመከላከል እንዳልቻሉ ወይም ጥፋቱ የሌላ ሦስተኛ ሰው እንደሆነ በማስረዳት ከኃላፊነት አያመልጡም፤ የሚጠቅማቸው መከላከያ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል የደረሰው በራሱ በተጎጂው ጥፋት መሆኑን ማስረዳት ነው። ስለዚህ ፍሬኑ በድንገት የተበጠሰበት የጭነት መኪና ባለቤት ተሽከርካሪውን በየጊዜው ያስመረምር እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ ቢያቀርብ፣ ሰነዱ ጠንቃቃ ሰው መሆኑን ያሳይ ይሆናል እንጂ ለተጎዳው እግረኛ ካሳ ከመክፈል አያድነውም። ይህ ለባለንብረቱ ከባድ ቢመስልም በእኔ እምነት ተገቢ ነው፤ አደጋ ሊያስከትል የሚችለውን ነገር በባለቤትነት የያዘውና የሚጠቀምበት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ጉዳቱን ምንም ያላደረገው መንገደኛ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።

«መኪናውን ያለ ፈቃዴ የነዳው ሌላ ሰው ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም።»

አንቀጽ 2081 ባለቤቱ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጉዳቱን ያደረሰው እንዲያሽከረክር ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ባለቤቱን ነጻ የሚያወጣው አደጋው በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳቱ ነው። የወንድም ልጅ ቁልፉን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ቢወጣ ጉዳዩ ስርቆት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ሲሆን፣ «አልፈቀድኩለትም» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ የተለየ ደንብ አለ፦ በአንቀጽ 2084 መሠረት አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ የጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ።

«ተጎጂውም አጥፍቷል፤ ስለዚህ ምንም አያገኝም።»

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያምኑበት ተከሳሾች ብቻ ሳይሆኑ፣ እግረኛ መሻገሪያ በሌለበት ቦታ ሲሻገሩ ተገጭተው «ጥፋቱ የእኔም ነው» በማለት ሳይከሱ የሚቀሩ ተጎጂዎችም ጭምር ናቸው። በሕጉ መሠረት ለጉዳቱ የተጎጂው ጥፋት በከፊል ምክንያት በሆነ ጊዜ የሚያስከትለው ውጤት ካሳው መቀነሱ ነው። ምን ያህል እንደሚቀነስ ፍርድ ቤቱ የሚወስነው የሁኔታዎቹን ጠቅላላ ገጽታ፣ በተለይም የየወገኑን ጥፋት ክብደትና ጥፋቱ ለጉዳቱ መድረስ ያደረገውን አስተዋጽኦ መዝኖ ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢያን ግን እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች፣ ተጎጂው በጥቂቱም ቢሆን ቸልተኛ ከነበረ በቸልተኝነት ላይ የተመሠረተውን ክሱን በሙሉ ሊያጣ የሚችልበት አሮጌ ደንብ እስካሁን ይሠራል። ዋሽንግተን ዲሲ ይህንኑ ደንብ ብትከተልም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ በተሽከርካሪ የተገጩ እግረኞችና ብስክሌተኞች የጥፋት ድርሻቸው ከግማሽ ካልበለጠ ካሳ የመጠየቅ መብታቸው እንዲጠበቅ አድርጋለች። በእነዚህ ቦታዎች አደጋ የደረሰበት ሰው ለመድን ድርጅት ሠራተኛ በስልክ «እኔም አላየሁም ነበር» ከማለቱ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።

«በወንጀል ነጻ ከወጣሁ የካሳው ክስ አብሮ ይቀራል።»

አይቀርም። አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቱ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ሲወስን የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሳሹን በነጻ በማሰናበቱ እንደማይገደድ ይደነግጋል። በወንጀል ለመቅጣት የሚጠየቀው የማስረጃ ደረጃ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ለቅጣት ያልበቃ ማስረጃ ለካሳ ሊበቃ ይችላል።

«ሕፃን ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ስለሆነ አይጠየቅም።»

በአንቀጽ 2030 መሠረት ጥፋት መሠራቱ ሲመዘን ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ በመርህ ደረጃ ግምት ውስጥ አይገቡም፤ ይሁን እንጂ የድርጊቱን ጥፋትነት መረዳት በማይችል ሰው ላይ ፍርድ ቤቱ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ኃላፊ በሆነ ጊዜ አባቱም ይጠየቃል።

«ጨዋታ ውስጥ የገባ ሰው አደጋውን ፈቅዶ ነው።»

ይህ በከፊል ትክክል ነው። አንቀጽ 2068 በስፖርት ውድድር ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካች የጎዳን ሰው ከኃላፊነት ነጻ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ማታለል ወይም የጨዋታውን ሕግ ከባድ መጣስ ካለ ይህ ጥበቃ አይሠራም።

«ጊዜው ካለፈ ፍርድ ቤቱ ራሱ ክሱን ይዘጋዋል።»

የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 2143 ይደነግጋል፤ ጉዳቱ የመጣው የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) ከደነገገለት ወንጀል ከሆነ ደግሞ ረጅሙ ጊዜ ተፈጻሚ ይሆናል። ሆኖም ይርጋን ፍርድ ቤቱ በራሱ ተነሣሽነት አያነሣውም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 244 መሠረት ይርጋ ከመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች አንዱ በመሆኑ፣ ተከሳሹ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካላነሣው እንደተወው ይቆጠራል፤ ክርክሩ በፍሬ ነገሩ ላይ ከተጀመረ በኋላ የሚያቀርበው የይርጋ ክርክርም ተቀባይነት አይኖረውም።