የዱር አበባ የሚባለው የቱ ነው?

«የዱር አበባ» የሳይንስ ምድብ አይደለም። ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳይንከባከበው በራሱ በቅሎ የሚያብብ ተክል ማለት ነው፤ በቃ። የሱፍ አበባ ማሳ ላይ ሲዘራ ሰብል ነው፤ ሜዳ ላይ በራሱ ሲበቅል የዱር አበባ። የሌላ ሰብል መሃል ከበቀለ ደግሞ አረም ይባላል። ተክሉ ግን ያው ነው።

ብዙ ሰው ከ«አገር በቀል» ጋር ያምታታዋል። ከሌላ አህጉር መጥቶ፣ ከአጥር አምልጦ ራሱን ችሎ የሚራባ አበባም አለ። የዱር ነው፣ አገር በቀል ግን አይደለም።

ሳይንሱ የሚፈልገው ዝምድና ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት ባለ ሁለት ቃል ስም ሰጠ፤ ምደባውን ግን የአበባውን ወንዴ ክፍሎች እየቆጠረ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ዲኤንኤ ይታያል።

እስቲ የሱፍ አበባን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሃሉ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ትንንሽ አበባዎች ናቸው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫዎቹም እንደዚያው። አንድ አበባ የመሰለን ነገር መንጋ ነው! ሰላጣም ሲያብብ እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። በመልክ ማን ይገምታል?