የአድዋ ስዕል ላይ ጣልያኖቹ ለምንድነው አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው?

ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጋ የሚሰቀለውን የአድዋ ስዕል አይታችሁ "ሰዓሊው ሰው መሳል አይችልም እንዴ" ላላችሁ፣ ነገሩ እንደዛ አይደለም። በድሮው የቤተክርስቲያን አሳሳል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፣ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ነው የሚሳለው፣ የ1888ቱን ጦርነት የሳሉትም ይሄንኑ ደንብ ይዘው አብዛኛውን ጊዜ የኛን ሰው በሁለት ዓይን ጣልያኑን በአንድ ዓይን አደረጉት፣ ከላይ ደሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ።

ታዲያ ይሄ አርት ነው ፕሮፓጋንዳ? ለኔ ሁለቱም ነው። አርት ማለት ፎቶ መምሰል ከሆነ አዎ ይወድቃል፣ ግን ሰዓሊው መልክ ሊያስመስል አልፈለገም፣ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳን ከሩቅ እንዲያነበው ነው የፈለገው፣ ይሄ ደሞ በጣም ከባድ ችሎታ ነው። በዛ ስታልፉ እስቲ መጀመሪያ ዓይኖቹን ቁጠሩ።