የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የአሮጌ ፋብሪካ ሕንጻዎች ዕጣ

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ወንዙን ተጠግቶ የተሠራ ነው። ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የተገነባበት ገንዘብ ከጣሊያን የጦር ካሣ የመጣ ነበር። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር። ክፍያው ዓመታት ተጓተተ። በስተመጨረሻ በተገኘው ካሣ የቆቃ ግድብም ይህ ፋብሪካም ተሠሩ። እንግዲህ የአምስት ዓመቱ ወረራ ካሣ ዛሬም በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ የቆመው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ የከተማዋ ወጣት ግን ጥቂት ይመስለኛል፤ ያሳዝናል።

ያኔ ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ነበረች። ፋብሪካው መብራት ይፈልግ ነበር። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባለሙያም ያስፈልግ ነበር። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ ከሌሎች ሙያዎች ጋር ጨርቃ ጨርቅ ማስተማር ያዘ። ሥራ ፈላጊው ከገጠር ይጎርፍ ጀመር። ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የከተማዋን ፕላን ያወጣውም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። ፋብሪካው፣ ማመንጫውና ትምህርት ቤቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ነጣጥሎ ማየት ሦስቱንም ያሳንሳቸዋል።

የፈተል ፋብሪካ ሕንጻ ለምን ያን ያህል እንደሚገዝፍ የሚገባን ሥራውን ስናይ ነው። ታስሮ የመጣው ጥጥ ይፈታል፣ ይነፋል፣ ይበጠራል። ከዚያ እንደ ገመድ ወፍሮ ይወጣና ደረጃ በደረጃ እየተሳበ፣ እየቀጠነ፣ እየተከረረ ክር ይሆናል። ማሽኖቹ በረድፍ ስለሚቆሙ አዳራሹ ረጅምና ሰፊ መሆን አለበት። ወለሉም ክብደትና ንዝረት መቻል አለበት። አየሩ ደረቅ ከሆነ ክሩ ይበጠሳል፤ ስለዚህ አዳራሹ ሆን ተብሎ እርጥበት ይሰጠዋል። ሽመናው ክፍል ደግሞ ድምፁ አያድርስ ነው፤ ሰው ከጎኑ ካለው ባልደረባው ጋር እንኳ በምልክት ነው የሚግባባው። ከፋብሪካ የሚወጣው ሁሉ አንሶላና አቡጀዲ ብቻ አይደለም። የእጅ ሸማኔ ለድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው የሚጠቀመው፤ ማጉን ደግሞ እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ብዙ ጋቢና ነጠላ የተሠራው በሁለቱ ጥምረት ነው።

ማሽን ግን ያረጃል። መለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፣ ጥጥ ይጠፋል፣ ሰልባጅና ከውጭ የሚገባ ልብስ ገበያውን ይሻማል። የአገራችን አሮጌ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሁሉ ከዚህ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ሌላም መሸፈን የሌለበት ጉዳይ አለ። ከማቅለሚያ ክፍል የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ዓባይ መግባቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ሕንጻው ቅርስ ነው ስንል ወንዙን መርሳት አይገባም።

በሌላው ዓለም የእንዲህ ዓይነት ሕንጻዎች ዕጣ ይለያያል። እንግሊዝ ሽሩስበሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1797 የተሠራ የተልባ እግር ክር ፋብሪካ አለ። እሳት እንዳይበላው አጽሙ ከብረት የተሠራ የመጀመሪያው ሕንጻ እሱ ነው። ለዓመታት ባዶውን ከቆመ በኋላ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ተከፈተ። በፖላንዷ ዉጅ ደግሞ ግዙፉ የፖዝናንስኪ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል ሆኗል። ብዙዎቹ ግን ፈርሰው መሬታቸው ተሸጧል።

እኛ ዘንድ ጥሩው ምሳሌ እዚያው ባሕር ዳር ነው። ፖሊ ቴክኒኩ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ግቢው አሁንም “ፖሊ” ነው የሚባለው። ተማሪ ስለሚመላለስበት ሕንጻው አልሞተም። የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቱም አድጎ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ወጥቶታል። ለፋብሪካው አዳራሾች የማስበውም ይህንኑ ነው። ማምረቱ እስከቻለ ያምርት። ሥራ የፈታ ክፍል ከኖረ ደግሞ የመማሪያ ወርክሾፕና የፈተል ሙዚየም ቢሆን ከኢንስቲትዩቱ የተሻለ ጎረቤት አያገኝም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን የሚተረጉመው በሰፊው ስለሆነ ፋብሪካ አይገባበትም የሚል ሰው መከራከሪያ ያጥረዋል። መጀመር ያለበት ከቀላሉ ነው። የሕንጻው ፕላን፣ የማሽኖቹ ዝርዝር፣ የድሮ ፎቶዎች ተሰብስበው ይመዝገቡ። ጡረታ የወጡ ሠራተኞችም በሕይወት እያሉ ይጠየቁ፤ የትኛው ማሽን የት ቆሞ እንደነበር፣ ፈረቃው እንዴት እንደሚቀያየር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።