«ከፍዬ ልገላገል» እና ሌሎች የትራፊክ ቲኬት ስሕተቶች

ኒው ጀርሲ ውስጥ በማዘጋጃ ቤት ፍርድ ቤቶች በጥብቅና ስሠራ «ከፍዬ ልገላገል ብዬ ነው» የሚል ቃል ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። መገላገል ግን የለም። የካርዳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ቅጣቱን ስትከፍሉ ጥፋተኛ ነኝ ብላችሁ አምናችኋል። ጥፋቱ የሚያስይዘው የቅጣት ነጥብ በመንጃ ፈቃድ መዝገባችሁ ላይ ይሰፍራል፤ ኢንሹራንሱም ከዚያ በኋላ ሊጨምር ይችላል።

በቅርቡ አንድ ታክሲ የሚነዱ አባት ከኮት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ሦስት የፍጥነት ቲኬቶች ነበሩባቸው፤ ሦስቱም ከተፈቀደው ፍጥነት ከ15 እስከ 29 ማይል ያለፉ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 4 ነጥብ ያስይዛሉ። ሁሉንም ተሳፋሪ ሲጠብቁ በስልካቸው ከፍለዋል። በዚህ ግዛት 12 ነጥብ መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል፤ ደብዳቤውም የሚለው ይህንኑ ነው። «ከፍያለሁ እኮ ልጄ!» አሉኝ። አዎ፣ የጎዳቸውም መክፈላቸው ነው። የመጀመሪያው ቲኬት እንደተሰጣቸው «ጥፋተኛ አይደለሁም» ብለው ቢሆን ኖሮ ክሱ ነጥብ ወደማያስይዝ ቀለል ያለ ጥፋት እንዲለወጥ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር እንነጋገር ነበር። ዳኛው ከተቀበሉት 250 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ይኖረዋል፤ መንጃ ፈቃዱ ግን እጃቸው ላይ ይቀራል።

«ፖሊሱ ካልመጣ ክሱ ይሰረዛል።» ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ይለወጣል እንጂ አይሰረዝም።

«ስሜ በስሕተት ተጽፏል።» የእኛ ስም መቼ በትክክል ተጽፎ ያውቃል? ዳኛው እንዲታረም ያዝዛሉ፣ ክሱ ይቀጥላል።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ መከራከር አልችልም።» ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታምጡ።

«ጠበቃ ከያዝኩ ቲኬቱ ይጠፋል።» ይህን ቃል የሚገባላችሁን ጠበቃ አትቅጠሩ። የጠበቃ ሥራ ማስረጃውን መጠየቅ ነው፦ ከፖሊሱ መኪና የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ እርሱን፣ ራዳሩ በትክክል እንደሚሠራ የተፈተሸበትን የምስክር ወረቀት። የእነዚህን ወረቀቶች ቀን አንድ በአንድ አያለሁ። በማዘጋጃ ቤት ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች ሸንጎ የለም፤ ዳኛው ብቻቸውን ይወስናሉ። የማስረዳት ሸክሙ ግን የከሳሽ ነው፤ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት።

የከባድ መኪና ሹፌሮች ደግሞ «እንደ ጓደኛዬ እደራደራለሁ» ይላሉ። የፌዴራል ደንብ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ጥፋት በድርድር ከመዝገብ እንዳይሸሸግ ይከለክላል፤ በግል መኪናችሁ ብትያዙም ያው ነው። የእናንተ መደራደሪያ ጠባብ ስለሆነ ከማንም ቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ደግሞ ዝም ብላችሁ አታሳልፉ፤ መንጃ ፈቃድ ሊታገድ፣ የመያዣ ትእዛዝም ሊወጣ ይችላል።

ለእኚያ አባት የመጀመሪያው ፋይል እንደገና እንዲከፈት ማመልከቻ አስገብተናል። ከፍለው ያመኑትን ጉዳይ ማስከፈት ከባድ ነው፤ ቀጠሯችንን እየጠበቅን ነው።