ግሪን ሞንስተር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በባልቲሞሩ ካምደን ያርድስ የቤዝቦል ስታዲየም በ2022 ከፍ የተደረገውን የግራ ግድግዳ «የሜሪላንድ ግሪን ሞንስተር» ሲለው አየሁ። ግሪን ሞንስተር ማለት ሆም ራን (የተመታች ኳስ አጥሩን ተሻግራ ስትወጣ) ለማስቀረት የሚቆም ረጅም ግድግዳ ነው የሚል ፍቺም አክሎበታል። ይህን ፍቺ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዘንድሮ ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ግድግዳው ለምን እንደቆመም፣ ምን እንደሚሠራም አሳስቶ ይናገራልና።

ስሙ የአንድ ግድግዳ ስም ነው። በቦስተን ፌንዌይ ፓርክ፣ ከመቺው በስተግራ የቆመው፣ ቁመቱ 37 ጫማ ከ2 ኢንች፣ ማለትም 11 ሜትር ከ30 ገደማ የሆነው። ስታዲየሙ የተከፈተው በኤፕሪል 1912 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሜዳው በመንገዶች መካከል ተወሽቆ ስለተሠራ በግራ በኩል ቦታ አለቀበት፤ ከግድግዳው ጀርባ ወዲያው ላንስዳውን ጎዳና ነው። መጀመሪያ የቆመው አጥር የእንጨት ሲሆን፣ ተግባሩ ሳይከፍሉ ከውጭ ሆነው ጨዋታ የሚያዩትን መጋረድ ነበር። በዚያ ዘመን ኳሱ እንደ ዛሬው ሩቅ አይበርም፤ ሆም ራን ብርቅ ነበር። ከአጥሩ ሥር 10 ጫማ ያህል ከፍ የሚል ዳገት ነበረ፤ የግራ ተከላካዩ ደፊ ሉዊስ ኳስ ለመቅለብ እየሮጠ ይወጣው ስለነበር «የደፊ ገደል» ተባለ። በ1934 እድሳት ዳገቱ ተደለደለ፣ ግድግዳው በቆርቆሮ ተለበጠ፣ እስከ ዛሬ ሰው በእጁ ቁጥር የሚቀያይርበት የውጤት ሰሌዳም ተተከለ። አረንጓዴ የተቀባው በ1947 ነው። ከዚያ በፊት ማስታወቂያ ሞልቶት ነበር።

የባልቲሞሩ ታሪክ ሌላ ነው። እዚያ ሆም ራን በዛ ተብሎ፣ ሆን ተብሎ፣ ግድግዳው ወደ ኋላ ተገፋ፤ ቁመቱም ከ7 ጫማ ወደ 13 ጫማ ገደማ አደገ። ለ2025 የውድድር ዘመን ደግሞ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ፊት መጣ። ለአንድ ዓላማ የተነደፈ፣ ሲያስፈልግም የሚነሳ ግድግዳ ነው።

ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። የፌንዌዩ ግድግዳ ወንፊት ነው። ወንፊት ዱቄቱን ይለያል እንጂ አያስቀርም፤ ይህም ኳሶችን በከፍታቸው ይለያል። ወደ ላይ ተጉና 320 ጫማ ያህል የምትሄድ ኳስ ሌላ ስታዲየም ውስጥ ተከላካዩ ቆሞ የሚቀልባት ናት። እዚህ ግድግዳውን ትነካና መቺው ሁለተኛ ቤዝ (ሮጦ በተራ ከሚደርስባቸው ማረፊያዎች ሁለተኛው) ይደርሳል። ከዚያ ረዘም ብላ ከላይ ቁልቁል የምትወርደው ደግሞ ግድግዳውን ታልፋለች፤ ሌላ ቦታ የምትቀለብ ኳስ እዚህ ሆም ራን ሆነች ማለት ነው። በአንጻሩ ከመሬት ብዙም ሳትነሳ እንደ ጥይት የምትከንፈው፣ በሌላ ስታዲየም አጥር የምትዘልለው ኳስ፣ እዚህ ግድግዳው መሃል ላይ ትላተማለች። ነጥራ ቶሎ ስለምትመለስም አንዳንዴ መቺውን አንደኛ ቤዝ ላይ ታስቀረዋለች። አስተያየት ሰጪው ያየው ይህችን የመጨረሻዋን ኳስ ብቻ ነው።

ወንፊቱ ላይ የቀረው ፉርሽካም አይጣልም፤ ዳብል የሚባለው፣ መቺውን ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርሰው ምት፣ እሱ ነው። ፌንዌይም ዳብል የሚበዛበት ሜዳ በመባል ይታወቃል። ከታች ሆኖ ፉርሽካውን የሚሰበስበው ሰው ሙያም ይቆጠራል። የቦስተን የግራ ተከላካይ የነበረው ካርል ያስትረምስኪ ኳሷ ከቆርቆሮው እንዴት እንደምትነጥር ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ስንቱን ሯጭ ሁለተኛ ቤዝ ሳይደርስ አስወጥቷል። ምን ዓይነት እህል እንደሚነፋም አትርሱ፦ ኳስ ከፍ አድርጎ ወደ ግራ የሚጎትት ቀኝ እጅ መቺ ከዚህ ግድግዳ ብዙ ያተርፋል፤ ወደ ቀኝ ሜዳ የሚመታው ግን ወንፊቱን አያገኘውም። እዚያ ከወርዋሪዎቹ ማሟሟቂያ ፊት ያለው አጥር 380 ጫማ ይርቃል።

ሙያዬ ቅየሳ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። የሜዳ ርቀት የሚለካው ከሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት ንጣፍ) የኋላ ጫፍ እስከ ግድግዳው ሲሆን፣ የርቀት ሰሌዳ የሚጻፈው በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ ከእነሱ አንዱ የሜዳውን ጎን የሚወስነው መስመር ነው። ከመስመሩ ወደ መሃል በተጠጋን ቁጥር ያው ግድግዳ ይርቃል። በመስመሩ ላይ ያለው የግሪን ሞንስተር የርቀት ሰሌዳ ለብዙ ዓመታት 315 ጫማ ይል ነበር፤ በ1995 ግድግዳው ሳይነቃነቅ 310 ተባለ። የቤዝቦል ደንብ ከጁን 1958 በኋላ የሚሠሩ ሜዳዎች በመስመሮቹ ላይ ቢያንስ 325 ጫማ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ፌንዌይ ቀድሞ ስለተሠራ አይነካውም፤ ከዚያ በኋላ ተሠርተው በፈቃድ ያጠሩም አሉ። ስለዚህ ሁለት ግድግዳ ስታወዳድሩ ቁመቱን ከርቀቱ አትለዩ፤ ርቀቱም የትኛው ነጥብ ላይ እንደተለካ ጠይቁ። 11 ሜትር ግድግዳ 94 ሜትር ላይ ሲቆምና 110 ሜትር ላይ ሲቆም የሚያሳልፋቸው ኳሶች የተለያዩ ናቸው።