«ላውራ»፦ ከሥዕሉ የወጣችው ሴት

«ላውራ» እ.ኤ.አ. በ1944 የተሠራ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም ነው። ወንጀልና ጥላ ከሚበዛበት ፊልም ኗር ከሚባለው ዘርፍ፣ ስሙ ቀድሞ ከሚነሳው አንዱ ነው። መነሻው የቬራ ካስፓሪ ልብ ወለድ ነው። ላውራን ሆና የተጫወተችው ጂን ቲርኒ ናት።

ታሪኩ ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ማስታወቂያ ድርጅት የምትሠራ ቆንጆ ወጣት ቤቷ ውስጥ በጥይት ተገድላለች። መርማሪው ማክፈርሰን የሚያውቋትን ሰዎች እየዞረ ይጠይቃል። ከነሱ አንዱ ምላሰ ስለቱ የጋዜጣ አምደኛ ዋልዶ ነው፤ መርማሪውን የሚቀበለው ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ የጽሕፈት መኪናውን ፊቱ ደቅኖ ነው።

ፊልሙን ያላያችሁ ይህችን አንቀጽ ዝለሏት። ውጭ ዝናብ ነው። ማክፈርሰን የሟቿ ቤት ገብቶ ደብዳቤዎቿን ያገላብጣል፣ ሽቶዋን ያሸታል፣ ይጠጣል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ምስሏ ሥር ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። በሩ ይከፈትና ሞተች የተባለችው ላውራ ራሷ ትገባለች። ዝናብ የነካው ካፖርት ለብሳለች፤ ፖሊስ እጠራለሁ ትለዋለች። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው የወደደው ምስል ነበር። አሁን የምትቆጣና የምትጠይቅ ሴት ፊቱ ቆማለች።

ያ ዝነኛ ሥዕል በእርግጥ ሥዕል አይደለም። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሩበን ማሙልያን ምስሉን ሠዓሊ በሆነችው ሚስቱ አስሎት ነበር። እሱ ተነስቶ ኦቶ ፕሬሚንጀር ሲተካ፣ የቲርኒ ፎቶ በትልቁ ታትሞ የዘይት ቀለም ተቀባበት። ሙዚቃውም ታሪክ አለው። ፕሬሚንጀር የዱክ ኤሊንግተንን ዜማ ሊጠቀም አስቦ ነበር፤ ዴቪድ ራክሲን ግን በአንድ ቅዳሜና እሑድ የራሱን ሠርቶ መጣ። በኋላ ግጥም ተጨምሮበት የጃዝ ሙዚቀኞች የማይጠግቡት ዘፈን ሆነ። ካሜራማኑ ጆሴፍ ላሼል ኦስካር ወስዶበታል።

ቲርኒ በ1920 ብሩክሊን ተወለደች። በ1943 እርጉዝ ሳለች ሩቤላ የተባለ ፅንስ የሚጎዳ ተላላፊ በሽታ ያዛት፤ ልጇ መስማት የተሳናት ሆና ተወለደች። «ላውራ»ን የሠራችው ያንን ሐዘን ተሸክማ ነው። ኋላ ላይ የአእምሮ ሕመም ገጥሟት ለረጅም ጊዜ ታከመች። በ1979 ባወጣችው ግለ ታሪክ ሁሉንም ሳትደብቅ ጽፋዋለች፤ በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አይደለም።

ቁንጅናዋ ብዙ ተወርቶለታል፤ ትወናዋ ግን የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። ፖሊስ ጣቢያ ያለውን ትዕይንት ተመልከቱ። ማክፈርሰን ኃይለኛ መብራት ፊቷ ላይ ያበራል። እሷ አትጮህም፣ አታለቅስም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትመልስለታለች። መጨረሻ ላይ መብራቱን የሚያጠፋው እሱ ነው።