የናራሲምሃ ቤተ መቅደስ ምንድን ነው?

በሂንዱ እምነት ቪሽኑ ዓለምን ለማዳን በልዩ ልዩ አካል እየተገለጠ ይወርዳል፤ ከዐሥሩ ታዋቂ መገለጦቹ አራተኛው ናራሲምሃ ነው። በሳንስክሪት «ናራ» ሰው፣ «ሲምሃ» ደግሞ አንበሳ ማለት ሲሆን፣ አምላኩም ፊቱ የአንበሳ፣ ገላው የሰው ሆኖ ይቀረጻል። ለእርሱ የተሠሩ ቤተ መቅደሶች በደቡብ ህንድ፣ በተለይም በአንድራ ፕራዴሽ፣ በቴላንጋና፣ በካርናታካና በታሚል ናዱ ይበዛሉ።

ትረካውን ሳያውቁ ቤተ መቅደሱን መረዳት አይቻልም። ሂራንያካሺፑ የተባለ የአጋንንት ንጉሥ ፈጣሪ የሚባለውን አምላክ ብራህማን ብዙ ዘመን ደጅ ጠንቶ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ እንዳይገድለው፣ በቀንም በሌሊትም፣ በቤት ውስጥም በውጭም፣ በምድርም በሰማይም፣ በመሣሪያም እንዳይሞት ቃል አስገባው። ከዚያ ወዲያ የሚፈራው አልነበረም፤ ነገር ግን የገዛ ልጁ ፕራህላዳ አባቱን ትቶ ቪሽኑን አመለከ። አባትየው በንዴት «አምላክህ እዚህ ምሰሶ ውስጥም አለ?» ብሎ ምሰሶውን ቢመታው፣ ተሰንጥቆ ናራሲምሃ ወጣ። ሰውም እንስሳም ያልሆነው ይህ አካል፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ውስጥም ውጭም በማይባለው የበር ደፍ ላይ፣ ንጉሡን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሆዱን በጥፍሩ ዘረጠጠው። ከተገባው ቃል አንዲት እንኳ አልፈረሰችም።

ይሁን እንጂ ጠላቱ ከሞተ በኋላም ቁጣው አልበረደም፤ አማልክቱ ሳይቀሩ ሲፈሩት፣ ደፍሮ የተጠጋው ሕፃኑ ፕራህላዳ ነበር። በእኔ አስተያየት የናራሲምሃን ቤተ መቅደስ የሚገልጸው ከድሉ ይልቅ ይህ ያልበረደ ቁጣ ነው፤ የአምልኮው ሥርዓት አብዛኛው ማቀዝቀዣ ነውና። ምስሉም ቢሆን አንዳንዴ ሆድ ሲዘረጥጥ፣ አንዳንዴ ጉልበቱን በመቀነት አስሮ በተመስጦ ሲቀመጥ፣ አንዳንዴም ሚስቱን ላክሽሚን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይታያል።

ማቀዝቀዙ ጎልቶ የሚታየው በአንድራ ፕራዴሽ በቪሳካፓትናም ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው በሲምሃቻላም ቤተ መቅደስ ነው። እዚያ ያለው ምስል ዓመቱን ሙሉ በሰንደል እንጨት ልቁጥ ተለብጦ ስለሚኖር፣ ምእመኑ የሚያየው ፊትም እጅም የሌለው ድፍን ጉብታ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ግድም በሚውለው የአክሻያ ትሪቲያ በዓል፣ ልባጩ ይነሣና እውነተኛው መልክ ለጥቂት ሰዓታት ይገለጣል፤ ሕዝቡም ይህን ለማየት ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል። ከዚያ በድንጋይ ላይ የተፈጨው ሰንደል በአራት ዙር እንደገና ይቀባል። የሚገርመው፣ እዚህ ቪሽኑ በከርከሮ የተገለጠበት መልክ ከናራሲምሃ ጋር ስለተዋሐደ፣ ከልባጩ ሥር የሚወጣው ራስ የአንበሳ ሳይሆን የከርከሮ መሆኑ ነው።

በዚያው ግዛት፣ በጉንቱር አውራጃ በማንጋላጊሪ ኮረብታ ላይ ደግሞ ማብረጃው መጠጥ ነው። ጥቁር የአገዳ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ፣ ቁንዶ በርበሬና ሄል ገብቶበት፣ ካህኑ በቀንድ አውጣ ቅርፊት እየቀዳ በምስሉ የተከፈተ አፍ ውስጥ ያንቆረቁረዋል። ሲዋጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶም የተረፈው ይመለሳል ይባላል፤ ይህም ለምእመኑ በበረከትነት ይታደላል። ያን ያህል ስኳር እየፈሰሰ ጉንዳን አለመታየቱን አማኞቹ እንደ ተአምር ያወሳሉ።

በአንድራ ፕራዴሽ የሚገኘው አሆቢላም ግን ቁጣው በተነሣበት ስፍራ ላይ የቆመ ነው ተብሎ ይታመናል። በናላማላ ተራሮች ጫካ ውስጥ ዘጠኝ የናራሲምሃ መቅደሶች ተበትነው ይገኛሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚታየውን የተሰነጠቀ ገደል ምእመናን ያ ምሰሶ ነው ይሉታል።

በካርናታካ የሚገኘው የሐምፒ ሐውልት ዛሬ አምልኮ የማይካሄድበት ቅርስ ነው። በቪጃያናጋራ መንግሥት ንጉሥ በክሪሽናዴቫራያ ዘመን፣ በ1528 እ.ኤ.አ.፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሲሆን ቁመቱ 6.7 ሜትር ይደርሳል፤ ዓይኖቹ የፈጠጡ፣ ከራሱ በላይ ሰባት ራስ ያለው እባብ የተዘረጋ ነው። ጭኑ ላይ የነበረችው ላክሽሚ ተሰብራ ስለጠፋች ብዙ ሰው «ቁጡው ናራሲምሃ» ይለዋል፤ ሲቀረጽ ግን ቁጡ አልነበረም። ወደ ጀርባው ለዞረ ሰው፣ ባሏን ያቀፈችበት እጇ ዛሬም እዚያው ድንጋዩ ላይ አለ።